ተስተካካይ ጨዋታ

ሊጉ ሊያልቅ ሰባት ስምንት ጨዋታ ሲቀረው የደጋፊ ወሬ መልኩን ይለውጣል። እስከ የካቲት ድረስ ስለ ትናንቱ ጎል፣ ስለ ዳኛው፣ ጉልበቱን ስለታመመው ተከላካይ ሲያወራ የከረመ ሰው ሚያዝያ ሲገባ ገና ስላልሆነው ብቻ ያወራል። በሐረሩ ገበያ በጊደር መጋላ ከሥጋ ተራው አለፍ ብሎ፣ ወይም የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር በኩል ሲሄድ ጆሮውን የሰጠ ሰው ይህን ይሰማል። አንዱ የአርሰናልን ቀሪ ጨዋታዎች በጣቶቹ እያጠፈ፣ «ይሄን አሸነፍን፣ ይሄንንም አሸነፍን፣ እዚህ ጋ አቻ እንበል» ይላል። ሌላው የማንቸስተር ሲቲን ዝርዝር ይዞ ነጥብ የሚጥሉበትን ሜዳ ይፈልጋል። «አቦ፣ እነሱ ቻምፒየንስ ሊግም አለባቸው፣ ይደክማሉ» ይላል ሦስተኛው። ጨርቅ የሚለካው ልብስ ሰፊ ቀና ሳይል፣ «ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብለህ ነበር» ይለዋል። የታጠፉት ጣቶች ይዘረጉና ሒሳቡ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ይህን ስሌት በቁም ነገር ልመረምረው እፈልጋለሁ፤ በቁም ነገር የሚሠራ ነውና። ከጀጎል ግንብ ውስጥ የሚነሣ ጩኸት ለንደን አይደርስም። እዚህ የሚፈላ ቁጣ እዚያ ያለችውን ኳስ ስንዝር አያንቀሳቅሳትም። ደጋፊው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ እጁ የማይደርስበትን ነገር እንዲህ አጥብቆ የሚያሰላው ለምንድን ነው?

መጪውን ለማወቅ ነው የሚለው መልስ ቀድሞ ይመጣል። ለማወቅ ቢሆን ግን የውርርድ ቤቶቹ አሉ። በየከተማው የተከፈቱት ቤቲንግ ቤቶች ለእያንዳንዱ ቡድን ዕድል ቁጥር አውጥተው ያስቀምጣሉ፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ከደጋፊው ግምት ይሻላል። በእርግጥ እሱም ይስታል፤ በ2008 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣው ሌስተር ሲቲ ውድድሩ ሲጀመር የተሰጠው ዕድል 5,000 ለ 1 ነበር። ይሁንና ጣቱን እያጠፈ የሚቆጥረው ሰው ወደዚያ ቁጥር ዞር ብሎ አያይም፤ ቢነግሩትም አይጠቅመውም። ተወራራጁ ያለው ቲኬት ነው እንጂ ቡድን አይደለም። ቅዳሜ የደገፈውን እሑድ ይጥለዋል፤ የሚፈልገው ውጤቱን ነው። ደጋፊው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

የ2015ን ሚያዝያ እናስታውስ። በሐረር ያ ወር ከኳሱም በላይ የበዓላት ወር ነበር። መጋቢት 23 አርሰናል ሊድስን 4 ለ 1 ሲረታ ሲቲን በ8 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሲቲ አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ይቀረዋል። ሚያዝያ 1 እሑድ ሆሳዕና ዋለ፤ ረመዳንም አጋማሹን አልፎ ነበር። ከሊቨርፑል ጋር የተደረገው የአንፊልዱ ጨዋታ በእኛ ሰዓት የተጀመረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በጀጎል ካሉት 82 መስጊዶች የመግሪብ አዛን ከተሰማ ገና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያፈጠረው ቴምሩን ከእጁ ሳያስቀምጥ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤቱ ለሕማማት ዋዜማ የጾም እራቱን ሳይቀምስ፣ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። አርሰናል 2 ለ 0 መራ። ሊቨርፑል አንዷን መለሰ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በ87ኛው ደቂቃ ግን ሁለተኛዋ ገባች። 2 አቻ።

በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ ነበር። ሌሊቱን በቅዳሴ ያሳለፈው እንቅልፉን ሳይጠግብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የዌስትሃምን ጨዋታ ሊያይ ወጣ። አርሰናል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሁለት አስቆጠረ፤ ከእረፍት በፊት አንድ ተቆጠረበት፤ ከእረፍት በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ፤ ወዲያውም አቻ ሆነ። አሁንም 2 ለ 2። ሚያዝያ 13 ዓርብ ደግሞ ዒድ አል ፈጥር። ሌሊት 4 ሰዓት ላይ የሰንጠረዡ ግርጌ የነበረው ሳውዝሃምፕተን አርሰናል ሜዳ ድረስ መጥቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አገባ፤ እስከ 88ኛው ደቂቃ 3 ለ 1 መርቶ በ3 አቻ ወጣ። በሆሳዕና፣ በፋሲካና በዒድ ሦስት አቻ። እንኳን አደረሰህ ለማለት የጎረቤቱን ደጃፍ የረገጠ ሁሉ የምሥራቹን ከተናገረ በኋላ ሁለተኛ የሚያነሣው ያችኑ የተጣለች ሁለት ነጥብ ነበር።

ሚያዝያ 18 ረቡዕ ማታ፣ ከዒድ በኋላ የሚጾመው የሸዋል ስድስቱ ጾም ተይዞ የሐረሬዎች በዓል ሹዋሊድ በተቃረበበት ሰሞን፣ ማንቸስተር ላይ ሲቲ አርሰናልን 4 ለ 1 አሸነፈ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሰንጠረዡን የከፈተ ሰው አርሰናልን በ75 ነጥብ አንደኛ፣ ሲቲን በ73 ሁለተኛ ሆነው ያገኛቸዋል። በቁጥሩ መሪ ነው። ጊደር መጋላ ላይ ግን ያን ቀን ጣቱን የሚያጥፍ አልነበረም፤ ሲቲ ሁለት ተስተካካይ ጨዋታ ነበረውና። አርሰናል 248 ቀናት በአንደኝነት ቆይቶ በ84 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሲቲ በ89 ዋንጫውን ወሰደ። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ ይህን ያህል ቀን መርቶ ዋንጫ ያጣ ቡድን እስከዚያ አልነበረም።

ተስተካካይ ጨዋታ እንግዳ ነገር ነው። በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ነው፤ ያልተደረገ፣ ነጥብ ያልተገኘበት። ሆኖም ከተደረጉት ጨዋታዎች ሁሉ በላይ ሰውን የሚገዛው እሱ ነው። ያ ባዶ ቦታ በየሰው ልብ ውስጥ በተለያየ ቁጥር ይሞላል፤ የፈራው ለተቃራኒው ሦስት ነጥብ ይጽፍበታል፣ ተስፋ ያለው አንድ፣ የደፈረ ዜሮ። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ሁለት ደጋፊዎች ሲከራከሩ የሚያነጻጽሩት ቡድኖቹን ብቻ አይደለም፤ ገና ባልተጻፈው ላይ ምን መጻፍ ተገቢ እንደሆነ ይከራከራሉ። ይህ ደግሞ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። አርስቶትል፣ ነገ የባሕር ውጊያ ይኖራል የሚለው ቃል ዛሬውኑ እውነት ወይም ሐሰት ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዛሬውኑ እውነት ከሆነ መምከርም መድከምም ከንቱ ነው፤ የሚሆነው ይሆናል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አል ፋራቢ ያንኑ ጽሑፍ ሲያብራራ የፈጣሪ ዕውቀትና የሰው ምርጫ እንዴት አብረው ይቆማሉ የሚለውን ጨምሮ አሰበበት። የእኛ ደጋፊ እነዚህን መጻሕፍት ባያነብም በመልሱ ውስጥ ይኖራል፤ «እናሸንፋለን» ካለ በኋላ አንዱ «ኢንሻአላህ»፣ ሌላው «እግዚአብሔር ካለ» ሳይል ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም። ነገ ክፍት ነው ማለቱ ነው።

ያለፈውስ? ያለፈው የተዘጋ ነው ብለን እናምናለን፤ በ2005 ግን ያ እምነት ራሱ ተናግቷል። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ማለፋችንን አወቅን፤ ሰው በየመንገዱ ፈሰሰ። ደስታው ገና ሳይበርድ ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ፤ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ያ ድል 3 ለ 0 ሽንፈት ተብሎ ተመዘገበ፤ ነጥባችን ከ13 ወደ 10 ወረደ። የተደረገ፣ ያየነው፣ የጨፈርንበት ጨዋታ ከሰንጠረዡ ተፋቀ። ያን ክረምት አገር ሙሉ ሲያሰላ ከረመ፤ የጊዮርጊስም የቡናም ደጋፊ፣ አርሰናልም ማንቸስተርም የሚለው ያኔ አንድ ሰንጠረዥ ፊት ቆመ። ጳጉሜን 2 ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን እንደገና በ13 ነጥብ ጨረስን። በጥቅምትና በኅዳር 2006 ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ መንገዱም እዚያ ላይ አበቃ። ያንን ክረምት የኖረ ሰው ነጥብ መቁጠር የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ነው ቢሉት አያምንም።

አሁን በዚህ ስሌት ላይ ወደሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ልምጣ። ኢማም አል ገዛሊ ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን በተባለው ታላቅ ሥራው ስለ ፍርሃትና ስለ ተስፋ ሲጽፍ ተስፋን ከከንቱ ምኞት ለይቶ ያስቀምጠዋል። መልካም መሬት መርጦ፣ መልካም ዘር ዘርቶ፣ አርሞና ውኃ አጠጥቶ የቀረውን ከአላህ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ያ ጥበቃው ተስፋ ይባላል። ውኃ በማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ዘርቶ ምንም ሳይደክም አዝመራ የሚጠብቅ ራሱን አታሏል። በዚህ ሚዛን የጊደር መጋላው ደጋፊ የት ይቆማል? አልዘራም። ማሳም የለውም። የቡድኑን ልምምድ አላየም፣ ተጫዋቹን አልመገበም፣ ለአሠልጣኙ ምክር አልሰጠም። ሚያዝያ ላይ ቁጭ ብሎ አዝመራውን ይቆጥራል። እንዲህ ከሆነ የእሱ ነገር ምኞት ነው እንጂ ተስፋ አይደለም ማለት ነው። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ለማለፍ አልፈልግም፤ ከፊሉ እውነት ነውና በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከፊሉ ግን አይዝም። ደጋፊው የሚዘራበት ማሳ ለንደን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። በዚያው በ2015 ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ በየኳስ ማሳያ ቤቱ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከዚህ ቁጥር ውጭ የቀሩ ናቸው። ስለዚያ ውጤት በአደባባይ ማውራት ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ ውጭ ጉዞ ቪዛ፣ ስለ ታመመች እናት ያለውን ተስፋ ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ቢናገረው የሚሰበርበት ይመስለዋል፣ ባይሳካ ደግሞ ያፍራል። በእነዚያ ጉዳዮች ተስፋችንን በሆዳችን ይዘን እንዞራለን። ስለ አርሰናል ያለውን ተስፋ ግን ጮኾ ይናገራል። ይሟገትበታል፣ ይታረምበታል። ሲሳሳት ጓደኞቹ አብረውት ተሳስተዋል። ሲከፋው የሚከፋው ብቻውን አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ተስፋ ማድረግን የሚለማመድበት፣ የወደቀ ተስፋን ከሌሎች ጋር ተቀምጦ የሚሸከምበት ቦታ በከተማችን ብዙ የለም። ስለዚህ ነው ሒሳቡ ሲሳሳት እንኳ ሥራውን የሚሠራው።

ይህ ሁሉ የሚይዘው ተስፋው ልክ ሲኖረው ነው። ሐረር ስለ ልክ የራሷ ጥንታዊ ትምህርት አላት። በዓሹራ ሌሊት ከከተማዋ ውጭ ለጅቦች በቅቤ የታሸ ገንፎ ይቀርባል። የጅቦቹ አለቃ ቀድሞ ይቀምሳል፤ አበላሉም የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። እንደ እምነቱ፣ ጅቡ ከገንፎው ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ካስተረፈ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል። ገንፎውን አልቀምስም ካለ ክፉ ነው፤ ሕዝቡ ረሃብና ወረርሽኝ እንዳይመጣ አዋች በሚባሉት የወሊዮች መካናት ተሰብስቦ ይጸልያል። ጠርጎ ከበላውም እንዲሁ ክፉ ነው፤ ያኔም ይጸለያል።

ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። መልካም ምልክት ማለት ሙሉ በሙሉ መቀበል ነው ብለን እንድናስብ የሚገፋን ብዙ ነገር አለ፤ የከተማዋ አባቶች ግን ባዶውን ሳህን ካልተነካው ሳህን እኩል ፈሩት። ከግማሽ በላይ ብላ፣ ግን አስተርፍ። ሚያዝያ ላይ የሚቆጥረውን ሰው በዚህ ሚዛን አየዋለሁ። ገና በመጋቢት «አልቆልናል፣ ድሮም ልምዳችን ነው» የሚለው አስተዋይ ይመስላል፤ ሳህኑን ያልቀመሰው እሱ ነው፤ እንዳይከፋው ሲል ቀድሞ ከጓደኞቹ ተለይቷል። በ8 ነጥብ ሲመራ «ዋንጫው የእኛ ነው» ብሎ ማልያ የሚያሳትመው ደግሞ ጠርጎ በልቷል፤ ለነገ የተወው ነገር የለም። በ2015 የብዙዎቻችን ጥፋት ይሄኛው ነበር፤ በመጋቢት መጨረሻ በየቤቱ የነበረው መንፈስ ያለቀለት ነገር መንፈስ ነበር፤ የሦስቱ አቻዎች ምሬትም የመጣው ከዚያ ነው።

በ2016 ነገሩ ተለየ። አርሰናል በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ከተጫወታቸው 18 የሊግ ጨዋታዎች 16ቱን አሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ፣ ሚያዝያ 6 በአስቶን ቪላ 2 ለ 0 በደረሰበት ሽንፈት ብቻ ተሰናከለ። የሚያሰላው ሰው ቁጥሩን ይናገር ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ዕድሉ ነበረ። ግንቦት 11 አርሰናል ኤቨርተንን 2 ለ 1፣ ሲቲ ዌስትሃምን 3 ለ 1 አሸነፉ፤ 91 ለ 89 ተጠናቀቀ። 89 ነጥብ ማለት ሲቲ በቀደመው ዓመት ዋንጫ የወሰደበት ነጥብ ነው። ያው ቁጥር አንዱን ዓመት ዘውድ፣ ሌላውን ዓመት ሁለተኛነት ሆነ። ደጋፊ ስለ ራሱ ቡድን የሚያውቀው ሁሉ ቢሞላ እንኳ የሌላው ሰው ድርሻ ከእጁ ውጭ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያን ምሽት ያየኋቸው ሰዎች አዝነው ነበር፤ ግን እርስ በእርስ እጅ እየተጨባበጡ ነበር የወጡት። የ2015ቱ ምሽት እንዲያ አልነበረም።

የገዛሊን ተቃውሞ ከፊሉ እውነት ነው ብያለሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ አጠገባችን ያለውን ሰው ማሳ ብናደርግ እንኳ፣ ውጤቱን በላባችን ልንነካ የምንችልበት ሌላ ማሳ በደጃችን አለ፤ ጦም ያደረም አለበት። ሐረር ኳስ ያላወቀች ከተማ አይደለችም። ሐረር ቢራ የተባለው ክለብ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከትልልቆቹ ጋር የተጫወተበት ዘመን ነበር፤ ጎረቤታችን ድሬዳዋም በ1968 የአፍሪካ ዋንጫን ከአዲስ አበባ ጋር አስተናግዳለች። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ጩኸታችን ይደርሳል። የመግቢያ ክፍያችን ለተጫዋቹ ጫማ ይሆናል። አሠልጣኙን መንገድ ላይ አግኝተን ልንጠይቀው እንችላለን። ተስተካካይ ጨዋታው ሲቀርብ ልንሄድ፣ ልንጨፍር፣ ልንጸልይ፣ ልናዋጣ እንችላለን።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ የሐረር ልጆች የምለው አለኝ። አርሰናልን ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩትም። ለውርርድ ቲኬት የምታወጡትን ግን ተዉት፤ ብሩን ወስዶ ከጓደኛችሁ ተስፋ ይለያችኋል እንጂ የሚሰጣችሁ የለም። በእሱ ፋንታ እሑድ ጠዋት የሰፈራችሁ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ሄዳችሁ ቁሙ። ማልያ ከሌላቸው አዋጡላቸው፤ ኳሳቸው ከተቀደደ ግዙላቸው፤ ውድድር ካላቸው ሰንጠረዡን ጽፋችሁ ሱቃችሁ በር ላይ ለጥፉ። በሚቀጥለው ሚያዝያ በጣታችሁ ከምታጥፏቸው ቀሪ ጨዋታዎች ቢያንስ አንዱ የእነሱ ይሁን።